አባባ ያልመሰከሩለት ማሽን

አባባ የልብ ድካም እንዳለባቸው ከታወቀ በኋላ ጨው ተዉልን፣ ክኒናቸውን በሰዓቱ መዋጥም ለመዱልን፤ እንቅልፋቸውን ግን ማናችንም ነገሬ አላልነውም ነበር። ቀን ቀን ቁጭ ባሉበት ያንቀላፋሉ። አንድ እሑድ እማዬን ከጎናቸው፣ እኔን ከኋላ ጭነው ከቸርች ሲመለሱ ቀይ መብራት ላይ ተኙ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን የቆመው መኪና ሾፌር ክላክሱን ሲያንባርቀው ነቁና "ምን ያጣድፈዋል?" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪው የእኔ ሆነ።

እማዬም ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ማታ ሲተኙ ትንፋሻቸው ድንገት ቀጥ ይላል። እሷ በክርኗ ጎሸም ታደርጋቸዋለች፤ ይመለሳል። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት "ማን ቆጠረ? ባል አይደል" አለችኝ።

የልብ ሐኪማቸው እዚሁ ዴንቨር ወዳለ የእንቅልፍ ክሊኒክ ላኳቸው። አባባ ጥፋቱን ሁሉ በዴንቨር ከፍታ ላይ ሲያላክኩ እማዬ "አዲስ አበባ እኮ ከዚህ ትበልጣለች" ብላ ኩም አደረገቻቸው። ምርመራው ሲያልቅ የክሊኒኩ ሐኪም በእኔ አስተርጓሚነት አስረዳቻቸው። ሲተኙ ጉሮሯቸው እየተዘጋ ትንፋሻቸው ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር የደከመው ልባቸው የባሰ ይለፋል። መፍትሔው አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብልና በቱቦ አየር የሚገፋ፣ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ማሽን ነው። አባባ በአክብሮት ሰሙ፤ አመሰገኑ። ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሲደርሱ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ከካፖርታቸው ጀርባ ሸጎጡት።

ኩራት መስሎኝ ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ቸርች አንድ ሰው ከሕመሙ ሲነሣ መድረክ ላይ ወጥቶ ጌታ ያደረገለትን ይመሰክራል። አባባም ከሆስፒታል እንደወጡ "ጌታ ልቤን ፈውሶልኛል" ብለው መስክረው፣ ቤቱ በእልልታ ተናውጦ ነበር።

"ተፈወስኩ ያለ ሰው ቱቦ ሰክቶ ይተኛል? ለጸሎት እቤት የሚመጡት ቢያዩትስ?" አሉኝ።

"አባባ፣ ቤድሩም ነው የሚቀመጠው። ማን ያይብዎታል?"

"ሰው ምን አያይም" አሉ፤ አለቀ።

አባቴ በእንቅልፋቸው እንዳይቀሩብኝ ፈራሁ። ሐኪሟ ያለችውን ደጋገምኩላቸው፤ ጥቅስ ጠቀስኩ፤ ተቆጣሁም። ስቆጣ ቁርጥ እሳቸውን ነኝ ይሉኛል፤ ሁለት ግትር ደግሞ አይሰማማም። እማዬ ብቻ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል መፍራት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ "ምስክርነት ያለው አለ?" ሲባል እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በሕይወቷ ማይክ ይዛ አታውቅም።

"ጌታ ለባለቤቴ የመተንፈሻ ማሽን ሰጥቶታል" አለች። "ቁም ሳጥናችን ውስጥ አለ። እንዲያወጣው ጸልዩልኝ።"

ጉባኤው ሳቁን በእልልታ ሸፈነው። አባባ ጫማቸውን ያያሉ። እኔ ከእፍረቴ ይልቅ እሷን አቅፌ መሳም ነበር ያማረኝ።

ፓርኪንጉ ላይ ግን አንድ ታክሲ ነጂ ሽማግሌ ወደ አባባ ጠጋ ብለው፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ አድርገው "እኔም አለኝ፤ አልጋ ሥር ነው" አሏቸው። ሌላው ደግሞ በሹክሹክታ "ማስኩ መጀመሪያ ያፍናል፤ የማሰሪያውን ስትራፕ ላላ አድርገው" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አስቤዛ ይዤላቸው ሄድኩ። በቁልፌ ከፍቼ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። እማዬ ከወፍ ጋር የምትነሣ ሰው ናት፤ ደነገጥኩና የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረግኩት። አባባ ጭምብላቸውን እንዳሰሩ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ማሽኑ በስሱ ያጉረመርማል። እማዬ ከጎናቸው ፀሐይ ፊቷ ላይ ወጥቶ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ልናገር ስል ጣታቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

"ነቅተው የለም እንዴ? ለምን አያወልቁትም?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

ጭምብሉን በትንሹ ገለጥ አደረጉት። "ማሽኑ ዝም ካለ ትነቃለች" አሉ። "ተያት ትተኛ። የእኔን ትንፋሽ ስትጠብቅ ነው ያረጀችው።"

ከዚያም መልሰው ገጠሙት።