የተቆጣ ንብ ሽታ

ንብ ሲቆጣ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ብዙ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ኡኬ በምትባል ትንሽ ከተማ መንገድ ዳር ሙዝ እሸጣለሁ። አውቶቡስ ሲቆም ሌሎቹ ሻጮች እየጮኹ መስኮቱን ይከባሉ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ሙዙን ወደ ላይ እዘረጋለሁ። ረዳቶቹ «ይቺ ልጅ ሙዝ የምትሸጠው በሹክሹክታ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ሽታውን ባወቅሁበት ቀን ሳይሸጥ የቀረውን፣ ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ በቅርጫት ይዤ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነበር። አባቴ በሬያችንን ማሳችን ዳር ካለው ዋንዛ ሥር አስሮታል። ያለን በሬ እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤታችን በሬ ጋር ተጠምዶ የሁለታችንንም ማሳ ያርሳል። ዋንዛው ላይ ደግሞ የጎረቤታችን ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ሽማግሌው ጎረቤታችን «ከብት በቀፎ ሥር አይታሰርም» ብለው ስንት ጊዜ መክረውታል። በሕፃንነቱ ከወሎ የመጣው አባቴ ግን «ንቡ እኔንም በሬዬንም ያውቀናል» ብሎ ይመልሳል።

እኔ ስደርስ በሬው ጎኑን ሊያክ ግንዱን እየታከከ ነበር። ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ቀፎ ተንሸራቶ ወደቀና ለሁለት ተሰነጠቀ። ንቡ በአንድ ጊዜ ወጥቶ የበሬውን ዓይንና አፍንጫ ሸፈነው። በሬው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። እየዘለለ ሲዞር ገመዱ ግንዱ ላይ ተጠመጠመና አንገቱን አነቀው።

አባቴ ማጭድ ይዞ እየሮጠ መጣ። ገመዱ ጋ ሳይደርስ ንቡ ፊቱ ላይ ሰፈረ። በመዳፉ እየመታ ጨፈለቀው፤ በጨፈለቀ ቁጥር ሌላ መጣበት።

«ሙዝ! ልጣጭ አምጪ!» አለኝ።

በእኛ ቤት ንብ የነደፈው ቦታ በሙዝ ልጣጭ ይታሻል። ከቅርጫቴ ሙዝ ነጥቆ በልጣጩ የራሱን አንገት አሸ። ንቡ አንገቱ ላይ ተደራረበ፤ ቆዳው አልታይ አለ። ጆሮው ውስጥ ገባ። አባቴ ከደም ጋር ንብ ተፋ።

ሽታው የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው። የሙዝ ሽታ ከእጄ ተለይቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ የእኔ ቅርጫት መሰለኝ። ነገር ግን ከተሰነጠቀው ቀፎ፣ ከበሬው ጭንቅላት፣ ሙዝ ከሌለበት ሁሉ ይመጣ ነበር። ንብ ሲነድፍ መንደፊያውን ከነመርዙ ቆዳ ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚወጣው ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ሌሎቹን «እዚህ ውጉ» ብሎ ይጠራል። ይህን ያስረዳችኝ በኋላ ቀበሌያችን የመጣች የግብርና ባለሙያ ናት። በዚያች ሰዓት የገባኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ አባቴ ንቡን በገዛ እጁ እየጠራው ነበር።

«አባ ጣለው! ሙዙን ጣለው!»

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። አልሰማኝም። እጁን መትቼ ልጣጩን አስጣልኩት፤ ቅርጫቱንም ከዋንዛው ወዲያ ወዳለው ገደል ወረወርኩት። እኔንም ከንፈሬንና ቅንድቤን ይወጋኝ ጀመር።

ጎረቤታችን ከማሳቸው ወዲያ የበቆሎ አገዳ ያቃጥሉ ነበር። «ኮቱ ኢንተላ! ነይ ልጄ! ጭሱ ውስጥ ይዘሽው ግቢ!» ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም ጠሩኝ።

የአባቴን ኮሌታ ይዤ ጎተትኩ። እሱ ግን ማጭዱን ይዞ ወደ ገመዱ ተመለሰ። «በሬዬን! ልቀቂኝ!» ብሎ በክርኑ አፌን መታኝ። ጥርሴ ከንፈሬን ቀደደው። ማጭዱ እስኪወድቅ ድረስ የእጁን አንጓ ነከስኩት። ከዚያ እየተንፏቀቅን፣ አንዴ እሱ እኔ ላይ፣ አንዴ እኔ እሱ ላይ እየወደቅን ጭሱ ውስጥ ገባን። ንቡ ቀስ በቀስ ሳሳ። ጎረቤታችን ጋቢያቸውን አልብሰውን በጥፍራቸው መንደፊያውን እየፋቁ ያወጡ ጀመር።

በሬው በጉልበቱ ወደቀ። ጩኸቱ ወደ ማቃሰት ወረደ፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

የአባቴ ዓይኖች አብጠው ተከድነዋል። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየ።

«ዝም አለ» አለኝ። «ገመዱን በጠሰው እንዴ?»

ጎረቤታችን አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ቅድም ያን ያህል የጮኸው ድምፄ ጠፋብኝ። በከንፈሬ ብቻ «ሞቷል» አልኩ።

«ጮክ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጄ» አለ አባቴ። «ጆሮዬም አብጧል።»