ደኅና ሆና ሐኪም ቤት

ሁለተኛዋ ልጄ አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ከመዋያዎቿ አንዱ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነበር። ሲጀምራት ያስነጥሳታል፣ ዓይኗን ታሻለች፤ ከዚያ ሳሉ ይከተልና ደረቷ ያፏጫል። እኔ ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ፣ ልጄን አቅፌ ባጃጅ ፍለጋ እሮጣለሁ። ጎንደር ውስጥ ሰው የሚያውቀኝ ከአባቴ በወረስኩት የእህል ንግድ ነው፤ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ገና ከበር ስታየኝ ካርዱን ታወጣ ነበር።

የምንሄደው ስትታመም ብቻ ነው። ጭንብል አድርገውላት መድኃኒቱን ትስባለች፣ ትንፋሿ ይመለሳል፣ እኛም ወደ ቤታችን። አንድ ሐኪም «አስም ይመስላል» ብሎን ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት አፌን በእጇ ልትይዘኝ ምንም አልቀራት።

«ሁለተኛ ይህን ስም እንዳታነሳው! ሴት ልጅ ናት፤ ነገ ማን ያገባታል? ብርድ ነው የመታት።»

እኔም ብርድ ነው አልኩ። እንዲያ ማለቱ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከኮላ ድባ የተጫነ ሽንብራ ገባልን። መጋዘናችን ያኔ እግቢያችን ውስጥ ነበር፤ በቀን ሥራ የቀጠርናቸው ሴቶች በሩ ላይ ተቀምጠው ያበጥራሉ፣ አቧራው ግቢውን ሞልቶታል። አጠገባቸው ስትጫወት የነበረችው ልጄ ድንገት ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አየር በሳበች ቁጥር አንገቷ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። መናገር ስላልቻለች በዓይኗ ብቻ ለመነችኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የዚያን ቀን ተረኛዋ አዲስ የመጣች ጤና መኮንን ነበረች። ልጄ ተንፍሳ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ካርዱን አንድ በአንድ ገለጠችው።

«ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ጊዜ መጥታችኋል» አለችኝ።

ያመሰገነችኝ መሰለኝ። «አዎ ዶክተር፤ አንድም ቀን ችላ አላልኳትም።»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ጤና መኮንን ነኝ። ችላማ አላሉም። ግን ሁልጊዜ የምትመጡት ትንፋሿ ሲዘጋ ነው። ደኅና ሆና አይተናት አናውቅም።» ከዚያ አንዱ ቀን ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ኅዳር መጨረሻ ላይ ቤታችሁ ምን ነበር?»

የልጆቼን የልደት ቀን የምታስታውሰኝ ባለቤቴ ናት። እህል የገባበትን ቀን ግን አልረሳም።

«ከማክሰኝት ጤፍ ገብቶ ነበር።»

«ጥር ላይስ?»

«ሽንብራ።»

«የካቲት?»

የካቲትም እህል ገብቶልን ነበር። ለካ ልጄን ይዤ የምሮጠው ከራሴ ጆንያ ኖሯል።

ጤና መኮንኗ አልወቀሰችኝም። የሚነፉ ሁለት መድኃኒቶች ሰጠችኝ፤ አንዱ ሲብስባት፣ ሌላው ደኅናም ሆና በየቀኑ። የውኃ ፕላስቲክ ቂጡን በስታ መድኃኒቱን ሰካችበትና በአፉ በኩል እንዴት እንደምትስበው አሳየችኝ።

«በየቀኑ ከወሰደች ሱስ አይሆንባትም?» አልኳት።

«መነጽር ሱስ ይሆናል?» አለችኝ። «በወር ደግሞ ይዘዋት ይምጡ። ሳትታመም።»

ማታ እናቴ ፊት ቁጭ ብዬ፣ «አስም ነው፣ እማ» አልኳት። «የእህሉ አቧራ ያስነሳባታል። አብራችሁ የምትተኙበት አጎዛም መውጣት አለበት።»  በማግስቱ እናቴ አጎዛውን ራሷ ጠቅልላ ለጎረቤት ስትሰጥ አየኋት።

መጋዘኑንም ከግቢ አውጥቼ ወደ ሱቁ ጀርባ አዞርኩት። ከኮላ ድባ እህል የሚያመጣልኝ ገበሬ ገርሞት፣ «ምነው አያ፣ ግቢው ጠበበ?» አለኝ።

«ለልጄ ትንፋሽ ጠበበ፤ አስም አለባት» አልኩት። የበሽታውን ስም ለውጭ ሰው ጠርቼ ያወራሁት መጀመሪያ ያን ቀን ነው፤ እሱም የእኅቱ ልጅ እንዲሁ እንደሚያፏጭ ነገረኝ።

በወሩ ልጄን ልብሷን አሳምሬ ይዣት ሄድኩ። ወረፋ ላይ አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ልጄ አግዳሚው ላይ ስትዘል አይተው፣ «ይቺ ደግሞ ምኗን ታማ ነው?» አሉኝ።

«አልታመመችም፣ አባቴ። እንዳትታመም ነው።»

«እንዲህም አለ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አላፈርኩም። ተራችን ደርሶ ስንገባ ሐኪሞቹ ደረቷን አዳመጡላት፣ ከአስሙ ጋር የሚነሳባትን የክርኗን ችፌ አዩላት፣ አሳሳቧን አረሙላት። በኋላ ቀጠሮው ወደ ሦስት ወር ተራዘመ። አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ መድኃኒቱን ቦርሳዋ ውስጥ እንድትይዝ መጀመሪያ አልፈቀደችም ነበር፤ ሄጄ አጠቃቀሙን ሳሳያት ግን ለክፍሉ ልጆች ሁሉ እሷው አስረዳችልኝ።

ባለፈው ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ደባርቅ ወጣን። የደባርቅ ብርድ ከመኪና እንደወረድን ነው የተቀበለን። ልጄ ከልጆች ጋር ስትሮጥ ቆይታ ማሳል ጀመረች። አክስቴ ነጠላዋን ጥላ ተነሣች።

«ኧረ ልጅቷ! ሐኪም ቤት አድርሷት!»

ልጄ ቁጭ አለች፤ ከቦርሳዋ መድኃኒቱንና ፕላስቲኩን አውጥታ ቀስ ብላ ሳበች፣ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ለቀቀች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አንገቷን አየሁ፤ አልተሰረጎደም። ከንፈሯም እንደነበረ ነው።

«ትንሽ እንጠብቅ፣ እማማ» አለቻት አክስቴን። «ካልተሻለኝ እንሄዳለን። አባባ መቼ እንደሚኬድ ያውቃል።»

እውነቷን ነው፤ አውቃለሁ። ተሻላት፤ ዳቦ በእጇ ይዛ ወደ ልጆቹ ሮጠች።