የሰሊጥ አጨዳ ዘፈን ከሲሲሊ

ሰሊጥ ስናጭድ ወንድሜ አውጪ ነበር፣ እኛ ተቀባይ። ለማያውቅ ሰው ልንገረው። አጫጆች በመስመር ጎንበስ ይላሉ፤ አውጪው አንድ ስንኝ ጣል ያደርጋል፤ ሌላው ቀና ሳይል ይቀበለዋል። ካልተቀበሉት ወደሚቀጥለው አይሄድም፣ ይጠብቃል። እናታችን ምሳ ይዛ ስትመጣ ገና ከሩቅ ትቀበለው ነበር። «የኔ ተቀባይ እማ ናት፣ እናንተማ አጃቢ ናችሁ» እያለ ያበሽቀናል።

ኋላ በጋላባት አድርጎ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ በባሕር የጣሊያኗ ደሴት ሲሲሊ ገባ። ብርቱካን ለቃሚ ሆነ። አንድ ቀን ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ሽማግሌ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ አታሞ እየመቱ ይዘፍናሉ፤ እንግዳው እየበላ በስልኩ ይቀርጻል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የአጨዳ ዘፈን ነው» አለኝ ስደውልለት። «በአባታቸው ጊዜ ስንዴ ሲያጭዱ ይሉት ነበር አሉኝ። አሁን ለበላተኛ ሆነ።»

«ተቀባይስ አላቸው?»

«ማን ይቀበላቸው፣ ሁሉም አፉ ሙሉ ነው።»

ሳቅን። እኛስ ብንሆን? እዚህ መተማ ዮሐንስ መጠጥ ቤቶቹ የኛኑ ዘፈን ኦርጋን ከትተውበት ቀኑን ሙሉ ያስጮኹታል፤ ኦርጋኑ አውጪም ተቀባይም ሆኗል፣ መተንፈሻ እንኳ የለውም። በኔም ሻይ ቤት የሚከፈተው እሱ ነው። ጆሮዬ ሳላውቀው ያንን ለምዷል።

ዘንድሮ አጨዳው ሲጀመር እናቴ አልጋ ያዘች። «ያን የሰሊጡን አንዴ ያውጣልኝ» አለች። ነገርኩት፤ በማግስቱ ቀርጾ ላከ። ከፈትኩት። አንድ ስንኝ ይላል፣ ዝም። ሌላ ስንኝ፣ ደግሞ ዝም። ኔትወርክ የቆራረጠው መሰለኝ። በዚህ እናቴን ላድክማት አልፈለግሁም። «ተቆራርጧል፣ እንደገና ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

እሱ ለካ ስልክ የማይሠራበት እርሻ ሄዷል። መልሱ ሳይመጣ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ አረፈች።

ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ሻይ ቤቴን የሚያዘወትሩ የጎጃም አጫጆች ሊያጽናኑኝ መጡ። የወንድሜ ድምፅ ናፍቆኝ ቀረጻውን ከፈትኩት። ስንኙ አልቆ ዝም ሲል «ይቅርታ፣ ተቆራርጧል» ልል ስል፣ አንደኛው እንዳቀረቀረ ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም ተቀበሉት። እነሱ ሲጨርሱ ወንድሜ ሁለተኛውን ስንኝ አወጣ፤ ቅንጣት ታህል አልተዛነፈም። ያኔ ነው በዝምታው ውስጥ ትንፋሹን የሰማሁት። እየጠበቀ ነበር። ቦታውን የተወው ለእናቴ ነበር። ስንት ዓመት ስቀበለው የኖርኩ ሰው፣ ይሄ ጠፋኝ።

ትናንት ጻፈልኝ። «እትዬ፣ አልተቆራረጠም እኮ። እማ ተቀበለችኝ?»

መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያ ያለ ያገር ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲያረዳው አደራ ብለን እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ምን ብዬ ልጻፍለት? ቀረጻውን እከፍትና በእናቴ ቦታ ልቀበለው እሞክራለሁ። ድምፄ እምቢ ይለኛል። እሱ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሳልቀበለው ወደሚቀጥለው ያልፋል።