ቪዛው ለአንዳችን ብቻ ሲመጣ

ውጭ ሄዶ ፋሽንና ማኔጅመንት የመማርን ሐሳብ ያመጣችው ታላቅ እህቴ ናት፤ እኔ ተከታይ ነበርኩ። ካዛንቺስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በነበረው የቀበሌ ቤታችን በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪና አስቀምጠን የሰፈሩን ሰው ልብስ እንሰፋ ነበር። ሱሪ እናሳጥራለን፣ ዚፕ እንቀይራለን፣ ሰርግ ሲበዛ የሚዜ ቀሚስ እንይዛለን። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እህቴ ስልኳ ላይ ትምህርት ቤት ታስሳለች። መስፋቱንማ እንችላለን፣ የማናውቀው ሥራውን ማሳደግ ነው ትለኝ ነበር።

ሚላን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለታችንንም ተቀበለን። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው። ማስረጃ ማስተርጎም፣ ማረጋገጥ፣ መሰለፍ፣ ተራ ሲደርስ ሲስተም የለም ነገ ኑ መባል። እኛ ለገሃር አካባቢ ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት ቤት ደግሞ ቀሚሳቸው ያልደረሰላቸው ደንበኞች ይመጣሉ። እናታችን በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ በእኛ ፈንታ ይቅርታ ስትጠይቅ ትውላለች።

ቪዛው ለእኔ ብቻ መጣ። ፓስፖርታችንን ከቪዛ ቢሮው የወሰድነው አብረን ነበር። እህቴ የራሷን ገለጥ አድርጋ አየችና ዘጋችው፤ ከዚያ የእኔን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ለምን እንደተከለከለች ብንጠይቅም የሚጨምሩልን ነገር እንደሌለ ነገሩን። ታክሲ መጋፋቱ ስላስጠላን በእግራችን ተመለስን። ሰፈር ስንደርስ እኔም እንደማልሄድ ነገርኳት።

«አንቺም ከቀረሽ ሁለታችንም ተከለከልን ማለት ነው» አለችኝ። «በቃ፣ ሂጂ። ግን እየደወልሽ አታልቅሺብኝ። እሱን አልችልም።»

ሄድኩ፤ አላለቀስኩባትም። ጠዋት ክፍል እገባለሁ፣ ከሰዓት አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። መምህራኑ ስለ ብራንድና ስለ ገበያ ሲያወሩ እንፋሎት የላጠው እጄ ያቃጥለኛል። ቋንቋው አልገባ ብሎኝ ቁጭ ባልኩበት «ካልሲ»፣ «ቦርሳ»፣ «ፋብሪካ» የሚሉትን ወይም የሚመስሉትን ስሰማ ብቻ ትንሽ እነቃለሁ። እነዚህን ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ልጅ ሆኜ እናቴ ያወጣቻቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሁድ እህቴ ደውላ ሰፈሩ ሊነሳ እንደሆነ ነገረችኝ። በሌላ ጊዜ ስትደውል ቤቱ ፈርሶ ነበር። እናታችን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ እህቴ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦች ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የስፌት መኪናዎቹን ብቻዋን አዛውራለች። ትምህርቱን አቋርጬ ልምጣ አልኳት።

«መጥተሽ የቱን ቤት ልትጠብቂ ነው?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ጨርሼ ስመለስ ኤርፖርት የተቀበለችኝ እሷ ናት። ከስታለች። በካዛንቺስ በኩል ስናልፍ ቤታችን የት ጋ እንደነበር ጠየቅኳት። በአገጯ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ገና የተተከሉ ዛፎች አሳየችኝ። መኪናው አልቆመም፤ እኔም እንዲቆም አላልኩም።

ክፍሏ ውስጥ በኋላ የቀጠረቻቸው ሴቶች በተጨመሩ መኪናዎች ተደርድረው ይሰፋሉ። መስቀል ፍላወር ላሉ ሆቴሎች የአስተናጋጅ ሸሚዝና ሽርጥ ነው የሚሠሩት። እኔ ላፕቶፔ ውስጥ የራሳችንን ኮሌክሽን ይዤ ነበር የመጣሁት። ንድፎቹን እያሳየሁ ሳወራላት ኮሌታ እየተኮሰች አዳመጠችኝ። ስጨርስ ካውያውን አስቀመጠች።

«ቆንጆ ነው። ማለቴ፣ ሐሙስ የማስረክበው ሸሚዝ አለብኝ። የተማርሽው ለእሱ ይሆናል?»

ቅር አለኝ። ግን ሴቶቹን ሳያቸው እያንዳንዷ አንድ ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሰፋለች፤ ካውያውን ሁሉም ይጠብቃሉ። ይሆናል አልኳት። በማግስቱ ሥራውን ከፋፈልነው፤ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ቁልፍ። ሴቶቹ አልወደዱትም። እህቴም ሁለቴ ወደ ድሮው አሠራር ልትመልሰው ብላ ተወችው። ሐሙስ ቀን ሸሚዞቹ ሄዱ።

ከዚያ እህቴ ጫማዋን አውልቃ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ለቪዛው እንደገና ብትሞክር ብዬ አነሳሁላት። አሁን እኔ ሥራውን እይዝልሻለሁ፣ መንገዱንም አውቀዋለሁ አልኳት።

«ያ ሰልፍ አሁን ቢመጣብኝ አልቆምም» አለችኝ። «ደክሞኛል። አንቺ አስተምሪኝ።»

አሁን በምሳ ሰዓት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከሚላን ያመጣሁትን ማስታወሻ ከመጀመሪያው ኮርስ ጀምረን እናነባለን። እህቴ ጥያቄ ታበዛለች፤ መልሱን የማላውቀው ብዙ ነው። አንዳንዴ መሃል ላይ እጇን ተንተርሳ ትተኛለች። አልቀሰቅሳትም። የገጹን ጫፍ አጥፌ የቀረውን ቁልፍ እተክላለሁ።