ከሁሉም ኋላ የሚሄዱት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ እነሆ አንድ ክረምት አለፈ። ያየሁትን ከሰማሁት መለየት እየከበደኝ ስለ ሄደ፣ ዕድሜዬን በመጽሐፍ መካከል ያሳለፍኩ ብሆንም፣ ስለ ዘመናቸው ሁሉ ልጽፍ አልደፍርም። አንድ ልማዳቸውን ግን በእርግጥ አውቃለሁ።

እዚህ እስራኤል፣ የቂርያት ማልአኪና የገዴራ ከተሞች ጡረተኞች በአውቶቡስ ተነሥተን ብሔራዊ ፓርኮችን ስንጎበኝ፣ አጎቴ ጉልበታቸው ከሁላችን የጸና ሆኖ ሳለ፣ የሚሄዱት ከሁሉም ኋላ ነበር። በዓይን ገዲ ይመስለኛል፣ ምናልባትም በባንያስ፣ ብቻ ወደ ፏፏቴ በሚወስድ መንገድ ላይ፣ እዚህ አገር የተወለደው አስጎብኚያችን «ያላ አባ፣ ፈጠን ይበሉ!» አላቸው።

«ፊት የሚሄድ ሞልቷል ልጄ፤ የደከመውን ማን ያያል?» አሉት።

ወደዚህ አገር ሲመጡ በሱዳን በረሃ በእግራቸው ያለፉ፣ የደከመ ከኋላ ሲቀር ያዩ ሰው ይህን ለምን እንደሚሉ ወጣቱ አልጠየቀም፤ እኛም አልነገርነው።

እሳቸው ካረፉ በኋላ በወጣንበት የመጀመሪያ ጉዞ፣ ያው አስጎብኚ መራመድ የሚከብዳቸው አውቶቡሱ ውስጥ ቢቆዩ እንደሚሻል ተናገረ። ከዘራ የያዙ አንዲት የገዴራ እናት ተነሥተው ነበርና ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«አይሆንም፤ ሁላችንም እንሄዳለን» አልኩት።

ጉዞ ስንጀምር ዞር ብዬ ባይ፣ ከሁሉም ኋላ አጎቴ ይሄዱበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ቆምኩና ሁሉንም አሳለፍኩ።

«ምነው ምሁሩ፣ በመጽሐፍ የኖረ ጉልበት እዚህ ላይ ከዳህ እንዴ?» ብለው ባለከዘራዋ እናት ሳቁብኝ።

«ቤሰደር፣ ደህና ነኝ፣ እትዬ። ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ከኋላዎ አለሁ።»