አባቴ «ይደገም!» ያለ ቀን

ቅኔ ቤት የተማረው አባቴ፣ እኔ፣ ልጄ ሶስና፤ ነገሩ የሦስታችን ነው።

ትናንት ሶስና ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ግጥም እያጨበጨበች ስትለማመድ፣ ጭብጨባው ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ። ያኔ እኔም እያጨበጨብኩ ግጥም ስል፣ አባቴ ከአትክልት ተራ የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሞ ገብቶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማኝ።

«ቲማቲም ቀይ ለብሳ፣ ጎመን አረንጓዴ፣
አትክልት ተራ ላይ ዛሬ ሠርግ ነው እንዴ?»

«ይደገም!» አለ።

ደገምኩት።

«ይደገም!» ድምፁ ጨመረ።

በክፍላችን የሚደግመው የተሳሳተ ልጅ ብቻ ነበር። የቱ ጋ እንደሳትኩ ጠፍቶኝ አለቀስኩ።

«ደግሞ በግጥም ይለቀሳል?» ብሎኝ ወጣ። ዳግመኛ ፊቱ ግጥም አላልኩም።

የቅኔ ሰው የወደደውን «ይደገም» ብሎ እንደሚያስደግም፣ ካደግኩ በኋላ ሳነብ አገኘሁት። አባቴ ያኔ አርፎ ነበር።

ትናንት ሶስና ግጥሟን ስትጨርስ፣ «ይደገም!» አልኳት።

«ምን አጠፋሁ አባዬ?»

«ምንም። በጣም ስለወደድኩት ነው።»

ልጅን የሚያመሰግን ሰው፣ ምስጋና መሆኑን ይንገረው። ይህ ሳይነገር መቅረቱ አባቴን የልጁን ግጥም፣ እኔን የአባቴን አድናቆት አስከፍሎናል። ሶስናን ግን «ይደገም» መባሏ ያስከፈላት የተቀዳላትን ሻይ ብቻ ነው፤ ደጋግማ ስትልልኝ ቀዘቀዘ።