ለፋሲካ የተለወጠው ትኬት

ትናንት ልጄን ሳል ይዞት ሽሮፕ ገዛሁለት። ክዳኑን ስከፍተው የቼሪው ሽታ ባሕር ማዶ፣ ሳክሲ በምትባል ከተማ ወደነበረው ቤታችን፣ ወደ አሥራ አንድ ዓመቴ መለሰኝ።

የአሳማ ጉንፋን የሚሉት ወረርሽኝ የገባበት ዓመት ነበር። ለገና ደሴ ሄደን አያቴን ልናይ ሻንጣዎቻችን በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። አያቴን የማውቃቸው በስልክ ብቻ ነበር። በመሄጃችን ዕለት ጠዋት ትኩሳቴ ባሰበት፤ ሐኪሙም «አውሮፕላን የሚባል ነገር እንዳታስቡ» አለ። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ደወለች።

«አባባ፣ ልጅቷ ታመመችብኝ። ያ በሽታ ይዟት ነው፤ መምጣት አልቻልንም።»

 ከአያቴ ኋላ በግ ይጮሃል፤ ለእኛ የገዙት ነበር።

«ትኬት ይለወጣል የኔ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም። አንቺ ልጅሽን አስታሚ።»

ትኬቱ ለፋሲካ ተለወጠ። በሁዳዴ አጋማሽ ግን አያቴ በድንገት ወደቁና አንደበታቸው ተያዘ። ለፋሲካ ስንደርስ እናቴን አተኩረው አዩዋት፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣም። እሷ እጃቸውን ይዛ «አባባ፣ መጥተናል እኮ፣ መጥተናል» ትላቸዋለች። እኔ ከበሩ ፈቀቅ አላልኩም።

እናቴ እስከ ዛሬ «ያኔ ባትታመሚ ኖሮ» ብላኝ አታውቅም። ትናንት «በልብሽስ ብለሽው ታውቂያለሽ?» ብዬ ልጠይቃት ደወልኩላት። ስታነሳው ግን ያወራነው ስለ ልጁ ሳል ብቻ ነው።